ከምድጃ ዳር እስከ መጽሐፍ፦ የጣና ዳርቻ ተረቶችና የልጆች የስሜት ትምህርት

በአማራ ባህል ዐዋቂ ሰው ስሜቱን የሚገልጥባቸው የታወቁ መንገዶች አሉት። ሐዘኑን በለቅሶ ቤት በሙሾ ያወጣዋል፣ ቁጣውንና ወኔውን በቀረርቶና በፉከራ ያሰማዋል፣ ብቸኝነቱንና ትዝታውን በእንጉርጉሮ ያስታምመዋል። ልጅ ግን ሙሾ አያወርድም፣ በአደባባይም ተነሥቶ አይፎክርም፤ ስለዚህ ፍርሃቱ፣ ቅናቱ፣ ሐፍረቱና እልሁ መልክ ይዘው የሚታዩበት የራሱ መድረክ ያስፈልገዋል፤ ይህም መድረክ ከትውልድ ወደ ትውልድ ሲተላለፍ የኖረው ተረት ነው። በባሕር ዳርና በጣና ሐይቅ ዳርቻ የሚነገሩትን፣ በሌሎች የኢትዮጵያ አካባቢዎችም ተጽፈው የቀሩትን ተረቶች በዚህ ዓይን የመረመረ ሰው፣ ዛሬ የሥነ ልቦና ምሁራንና የትምህርት ባለሙያዎች ለልጆች ሊያስተምሩ የሚደክሙባቸውን ሦስት ነገሮች ማለትም ራስን መቀበልን፣ ድፍረትንና ስሜትን መምራትን በውስጣቸው ያገኛል።

ሦስቱን ቃላት ከመነሻው መለየት ይጠቅማል። ራስን መቀበል ሲባል አንድ ልጅ መልኩን፣ ትውልዱን፣ ችሎታውንና ጉድለቱን ሳይክድና ሳያፍርበት፣ ከሌሎች ጋር ተካክሎ ለመኖር መብት እንዳለው አምኖ ማደጉ ነው። ድፍረት ፍርሃት የማያውቅ ሰው ጠባይ ሳይሆን ፍርሃቱ እያለ ማድረግ የሚገባውን የሚያደርግ ሰው ጠባይ ነው። ስሜትን መምራት ደግሞ አንድ ስሜት በሚነሣበት ጊዜ ምን እንደሆነ ማወቅን፣ መጠኑን መቆጣጠርንና ለሰውም ለራስም በማይጎዳ መንገድ መግለጥን ይመለከታል። ሦስቱም በምክር ብቻ የሚያዙ አይደሉም፤ ልጁ በሐሳቡ እየኖራቸው መለማመድ አለበት፤ ተረት የሚሰጠውም ይህንን ልምምድ ነው።

የምሽቱ ሥርዐት

በባሕር ዳር ዙሪያ ባሉት የገጠር ቀበሌዎች ተረት የሚነገርበት ሰዓት ከብቶቹ ወደ በረት ከገቡና ራት ከተበላ በኋላ ነው። ምድጃው ገና ፍም ይዟል፣ አያት ወይም እናት ጋቢዋን ደርባ ከመደቡ ላይ ትቀመጣለች፣ ልጆቹ ዙሪያዋን ይከቧታል፣ ከሁሉ አስቀድሞም እንቆቅልሽ ይመጣል። ጠያቂው «እንቆቅልሽ» ሲል ተጠያቂው «ምን አውቅልህ» ይላል፤ መልሱ የጠፋበት ልጅ አገር ይሰጣል፣ አገር የተሰጠውም እየተሳለቀ በዚያው አገር ላይ ይነግሣል። ትንሽ የሚመስለው ይህ ጨዋታ ለልጅ ከባድ የሆነውን ሽንፈት በሳቅ መካከል እንዲቀምሰው ያደርገዋል፤ የተሸነፈው ልጅ ተራው ሲደርስ መልሶ ስለሚጠይቅ፣ አለማወቅ የሚያልፍ ነገር እንደሆነ በየምሽቱ ይማራል።

ከዚያ ተራኪዋ «ተረት ተረት» ትላለች፤ ልጆቹ «የላም በረት» ብለው ይመልሳሉ፤ ሲያበቃም «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ተብሎ ይዘጋል። ይህ መክፈቻና መዝጊያ ከጌጥነቱ በላይ ሥራ አለው። በሁለቱ መካከል ያለው ዓለም ከዕለት ኑሮ የተለየ መሆኑን ስለሚያስታውቅ፣ ልጁ ከጅብ ጉድጓድ ሊገባ፣ ከአንበሳ ሊፋጠጥ፣ እናቱን በሐሳቡ አጥቶ ሊያለቅስ ይችላል፤ ተረቱ ሲመለስ ግን ያው ምድጃ፣ ያው ጋቢና ያችው አያት ይጠብቁታል። ትውልደ ኦስትሪያው የሥነ ልቦና ጸሐፊ ብሩኖ ቤተልሃይም እ.ኤ.አ. በ1976 ባሳተመው መጽሐፍ፣ አስፈሪ ተረቶች ልጁ ቀድሞውኑ በውስጡ ያለውን ፍርሃት የሚያይበት መልክ ይሰጡታል ብሎ ተከራክሯል። ብዙዎቹ ዝርዝር ትንታኔዎቹ በኋላ ቢነቀፉም፣ ይህ ዋና ሐሳቡ በአማርኛ ተረት ውስጥ ግልጽ ምስክር አለው፤ በሌሊት በአጥር ዙሪያ የሚጮኸው እውነተኛው ጅብ በተረቱ ውስጥ «አያ ጅቦ» ተብሎ በታላቅ ወንድም ማዕረግ ይጠራል፣ ሆዳምና ተላላ ሆኖ በእመት ጦጢት ይታለላል፣ የሚያስፈራው አውሬም የሚሳቅበት ሰው ይሆናል።

የአይጡ ጋብቻ

ራስን ስለ መቀበል ከሚነገሩት ተረቶች መካከል የነጩ አይጥ ጋብቻ ዋነኛው ነው። ይህ ተረት አሜሪካዊው ሃሮልድ ኮርላንደርና የሴማውያን ቋንቋዎች ሊቅ ዎልፍ ሌስላው እ.ኤ.አ. በ1950 በእንግሊዝኛ ባሳተሙት የኢትዮጵያ ተረቶች ስብስብ ውስጥ ይገኛል፤ ዘመዶቹም በሕንድ የጥንት ተረቶች ውስጥ ይታወቃሉ። እጅግ ውብ የሆነ ነጭ አይጥ የወለዱ ቤተሰቦች ልጃቸው ከአይጥ ወገን እንዲያገባ አይፈልጉም፤ ከታላቅ ሁሉ የሚበልጥ ቤት እንጋባለን ብለው ሽማግሌ ይልካሉ። ከላይ የተጀመረው ጥያቄ ከእኔ ነፋስ ይበልጣል፣ ከእኔ ተራራ ይበልጣል እየተባለ ወደ ታች ይወርዳል፤ በመጨረሻ ተራራው ራሱ ሥሩን እየቦረቦረች የምትንደኝ አይጥ ናት ብሎ ይመልሳል፤ ሽማግሌዎቹም የታላቁን ቤት ልጅ ከጎረቤት ጉድጓድ ያገኛሉ።

ተረቱ ልጁን «ራስህን ውደድ» ብሎ አያዝዘውም። ይልቁንም የኩራትን መንገድ ከእርሱ ጋር አብሮ ይሄዳል፣ በየጣቢያው ያስቆመዋል፣ በገዛ ሳቁም ከወገኑ የሚሸሽ ሰው ዞሮ ዞሮ ወዴት እንደሚደርስ ያሳየዋል። በዚሁ ላይ አይጧ የተመሰገነችው በምን እንደሆነ ልብ ማለት ይገባል፤ ውበቷና ዘሯ አልተነሡም፣ የተነሣው መቦርቦር መቻሏ ነው። ልጅ በባዶ ውዳሴ ሳይሆን ሊያደርገው በሚችለው እውነተኛ ነገር ላይ ተመሥርቶ ራሱን እንዲያከብር ማድረግ ዛሬም የመምህራን ፈተና ነው።

ይህ ትምህርት በጣና ዳርቻ ከተረትነት የሚያልፍበት ቦታ አለ። በባሕር ዳር ከተማና በሐይቁ ዙሪያ የሚኖሩት የነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ አባላት ከደንገል ታንኳ በመሥራት፣ ዓሣ በማስገርና ቀደም ሲልም ጉማሬ በማደን ይታወቃሉ፤ የቀድሞ ቋንቋቸው ጠፍቶ ዛሬ የሚናገሩት አማርኛ ነው። እስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጀምስ ብሩስ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ስለእነርሱ ጽፏል። የጉማሬ ሥጋ ይበላሉ በሚል ምክንያት ጎረቤቶቻቸው አብሯቸው ከመብላትና ከመጋባት ሲርቁ ኖረዋል፤ ይህም መገለል ወደ ልጆች ጨዋታና ወደ መማሪያ ክፍል መግባቱ አይቀርም። ደንገል አጭዶ፣ አድርቆና አስሮ በውኃ ላይ የሚሄድ ታንኳ መሥራት የሐይቁ ዳርቻ ታላቅ ጥበብ ሆኖ ሳለ፣ የባለሙያዎቹ ልጅ በትውልዱ እንዲያፍር መደረጉ የነጩን አይጥ ቤተሰቦች ስሕተት በሰው ላይ መድገም ነው። እንዲህ ላለው ልጅ ራሱን እንዲቀበል ብቻ መንገር ሸክሙን በተበደለው ላይ መጫን ስለሚሆን፣ ተረቱ ከሁሉ በፊት ከአጠገቡ ለሚቀመጠው ልጅ መነገር ይኖርበታል።

በተራራው ላይ ያለው እሳት

ከኮርላንደርና ከሌስላው ስብስብ ውስጥ በዓለም ይበልጥ የታወቀው ለመጽሐፉም ርእስ የሆነው ስለ ድፍረት የሚናገረው ተረት ነው። አርሃ የሚባል አገልጋይ ከባለጠጋ ጌታው ጋር ይወራረዳል፤ ውርርዱም በሱሉልታ ተራራ ላይ ያለ ልብስ፣ ያለ ምግብና ያለ እሳት ሌሊቱን ሙሉ ቆሞ ማደር ሲሆን፣ ቢችል ቤት፣ መሬትና ከብት ይሰጠዋል። አርሃ ወኔው ሲከዳው ወደ አንድ ብልህ ሽማግሌ ይሄዳል፤ ሽማግሌውም ከሸለቆው ማዶ በከፍተኛ ዐለት ላይ እሳት አነድድልሃለሁ፣ አንተ ዓይንህን ከእሳቱ ሳታነሣ ሙቀቱንና እኔን ወዳጅህን እያሰብህ እደር ይለዋል። አርሃ ያድራል። ጌታው ግን እሳት አይተሃል ብሎ ይክደዋል፣ ዳኛውም ይፈርድበታል። ሽማግሌው ነገሩን የነገረው አንድ ሌላ ሰው በበኩሉ ግብዣ አዘጋጅቶ እንግዶቹን የወጥ ሽታ ብቻ ያሸትታቸዋል፤ ሽታ ካላጠገበ የሩቅ እሳት እንዴት ያሞቃል የሚለው ጥያቄም ፍርዱን ይቀለብሰዋል።

የስሜት አመራርን የሚያጠኑ ምሁራን በዚህ ተረት ውስጥ የሚያውቁትን ነገር ያገኛሉ። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ጀምስ ግሮስ ከ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ባዘጋጀው ትንታኔ፣ ሰው ስሜቱን በተለያዩ ደረጃዎች ሊመራ እንደሚችል ገልጧል፤ ወደ ሁኔታው ከመግባቱ በፊት መምረጥ፣ ሁኔታውን መለወጥ፣ ትኩረትን ወደ ሌላ ነገር ማዞር፣ ነገሩን በሌላ ትርጉም ማየት፣ በመጨረሻም የስሜቱን መግለጫ መግታት ይችላል። አርሃ ብርዱን ሊያጠፋው አልቻለም፤ የቻለው ትኩረቱን ከሚንቀጠቀጠው ሰውነቱ ወደ ሩቁ ብርሃን ማዞር ነበር። እዚህ ላይ ተረቱ ከብዙ ዘመናዊ የድፍረት መጻሕፍት የሚለይበት ጉዳይ አለ፤ አርሃ ብቻውን ጀግና አይሆንም። ፍርሃቱን ለሌላ ሰው ይናገራል፣ ርዳታ ይቀበላል፣ ሌሊቱን የሚያሻግረውም አንድ ሰው ለእርሱ ሲል ነቅቶ እንደሚያድር ማወቁ ነው።

ይህ የድፍረት ግንዛቤ ለሐይቅ ዳር ልጅ ሩቅ አይደለም። ጣና ከባሕር ወለል በላይ በ1,800 ሜትር ገደማ ላይ የተንጣለለ የኢትዮጵያ ትልቁ ሐይቅ ሲሆን፣ ማለዳ ጸጥ ያለው ውኃ ከሰዓት በኋላ በነፋስ ይናወጣል፣ ጉማሬም ታንኳ ሊገለብጥ ይችላል። ከዘጌ እንጨት ጭኖ ወደ ባሕር ዳር ገበያ የሚቀዝፍ ሰው ማዕበሉን ይፈራል፤ ስለሚፈራም ሰዓቱን ይመርጣል፣ ዳርቻውን ይዞ ይሄዳል፣ ከጓደኛው ታንኳ አይርቅም። ፍርሃትን ማድመጥና ከፍርሃት ጋር መሥራት አብረው እንደሚሄዱ ልጅ ከተረቱም ከሐይቁም ይማራል።

የአንበሳው ጸጉር

ስሜትን መምራትን በተመለከተ ደግሞ በልዩ ልዩ መልክ የሚተረከው የአንበሳው ጸጉር ተረት አለ። በአንዱ መልክ ሚስት ከተቆጪ ባልዋ ጋር መስማማት አቅቷት፣ በሌላው የእንጀራ እናት የማይቀርባትን ልጅ ልብ ለማግኘት ስትሻ፣ ወደ ዐዋቂ ትሄዳለች፤ ዐዋቂውም መድኃኒት ለመቀመም የሕያው አንበሳ ጸጉር አምጪ ይላታል። ሴትዮዋ በመጀመሪያው ቀን ሥጋ ጥላ ከሩቅ ትሸሻለች፣ በማግሥቱ ትንሽ ትቀርባለች፣ ከብዙ ቀን በኋላ አንበሳው ከአጠገቧ ሲበላ ጸጉሩን ትቆርጣለች። ዐዋቂው ጸጉሩን ተቀብሎ መድኃኒት አይቀምምበትም፤ አንበሳውን በቀረብሽበት መንገድ ሰውየውን ወይም ልጁን ቅረቢ ብሎ ያሰናብታታል። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገር በዚህ ተረት ውስጥ ሥጋና አጥንት ለብሷል።

የእንጀራ እናቷ መልክ በተለይ ለልጆች ትልቅ ጥቅም አለው፤ እናቱን ያጣ ወይም አዲስ ሰው በቤቱ የገባበት ልጅ ማኩረፉ በተረቱ ውስጥ እንደ ጥፋት አይቆጠርም፣ የሚታገሠውና የሚቀርበውም ዐዋቂው ነው። ይህ በዕለት ኑሮ ከሚሰማው «ወንድ ልጅ አያለቅስም» ከሚለው ተግሣጽ ጋር ሲነጻጸር ልዩነቱ ጎልቶ ይታያል። ግሮስና ባልደረቦቹ ባደረጓቸው ሙከራዎች፣ ሰዎች የስሜታቸውን መግለጫ እንዲገቱ ሲታዘዙ ፊታቸው ጸጥ ቢልም ውስጣዊው መጥፎ ስሜት እንዳልቀነሰና ሰውነታቸው ይበልጥ እንደተወጠረ ታይቷል። ልጅን ዝም ማሰኘት ስሜቱን ማስተማር እንዳልሆነ የአንበሳው ጸጉር ተራኪ ያለ ቤተ ሙከራ ያውቀው ነበር።

ግድግዳ የሚተርክበት አካባቢ

የጣና ዳርቻ ልጅ ተረትን በጆሮው ብቻ አልተማረም። በዘጌ የሚገኘው የዑራ ኪዳነ ምሕረት ገዳም መቅደስ ግድግዳ በቅዱሳን ታሪክ ሥዕሎች የተሸፈነ ሲሆን፣ ማንበብ የማይችል ምእመን ሁሉ ታሪኩን በዓይኑ የሚከታተልበት መጽሐፍ ሆኖ ኖሯል። በአካባቢው አብያተ ክርስቲያናት ከሚታወቁት ታሪኮች አንዱ የበላዔ ሰብእ ታሪክ ነው፤ ብዙ ሰው የበላው ይህ ኃጢአተኛ በእመቤታችን ስም ለተጠማ ሰው የሰጠው ጥርኝ ውኃ በሚዛን ላይ ከበደሉ ሁሉ ከብዶ ምሕረት ያስገኝለታል። ታሪኩ የሃይማኖት ትምህርት ነው፤ ሆኖም አጥፍቶ የሚያፍር ልጅ፣ የከፋው ሥራው ማንነቱን ሁሉ እንደማይጠቀልለውና ትንሽ በጎ ሥራም እንደሚቆጠርለት ከዚህ ሥዕል ሥር ሊረዳ ይችላል።

ከአፍ ወደ ወረቀትና ወደ መስኮት

ተረቱ ከምድጃ ዳር ወደ መጽሐፍ ሲሸጋገር የጎጃም ሰው እጅም አለበት። በኋላ በ«ፍቅር እስከ መቃብር» የታወቁት፣ በደብረ ማርቆስ አካባቢ የተወለዱት ሐዲስ ዓለማየሁ «ተረት ተረት የመሠረት» የተባለውን መጽሐፋቸውን በ1948 ዓ.ም. አሳትመዋል። ከበደ ሚካኤልም «ታሪክና ምሳሌ» በተሰኙት መጻሕፍታቸው ምሳሌያዊ ታሪኮችን በግጥም አቅርበው ለብዙ ትውልድ የትምህርት ቤት ንባብ ሆነዋል።

በ1957 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሲጀመር፣ ተስፋዬ ሣህሉ አባባ ተስፋዬ ተብለው የአያትን ቦታ በመስኮቱ ውስጥ ያዙ፤ ሐምሌ 24 ቀን 2009 ዓ.ም. እስካረፉበት ጊዜ ድረስም በብዙ ሚሊዮን ሰዎች ዘንድ የልጅነት ድምፅ ሆነው ቆይተዋል። እ.ኤ.አ. በ2006 የቀድሞዋ መምህርት ብሩክታዊት ጥጋቡ ከባለቤቷ ጋር ያዘጋጀችው «ፀሐይ መማር ትወዳለች» የተባለው የአሻንጉሊት ፕሮግራም መተላለፍ ጀመረ፤ የስድስት ዓመቷ ቀጭኔ ፀሐይም የማታውቀውን ሳታፍር እየጠየቀች የምትማር ገጸ ባሕርይ ሆነች፤ ፕሮግራሙም እ.ኤ.አ. በ2008 የጃፓን ሽልማትን አገኘ። በሳን ፍራንሲስኮ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ይሠሩ የነበሩት ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ ደግሞ ወደ አገራቸው ተመልሰው፣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጎን ለጎን የታተመ የልጆች ተረት አዘጋጅተዋል፣ እ.ኤ.አ. በ2003 በአዲስ አበባ ሾላ አካባቢ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፍተዋል፤ በኋላም በሐዋሳ አካባቢ መጻሕፍትን በአህያ ጋሪ ለልጆች የማድረስ ሥራ ጀምረዋል።

በዚህ ሽግግር የተገኘው ብዙ ነው፤ የጠፋም አለ። የታተመ ተረት መልስ ሰጪ የለውም፤ ብዙ አሳታሚዎችም የጠፋውን ሕያው ንግግር ለመተካት በመጨረሻው ገጽ ላይ «ከዚህ ተረት የምንማረው» የሚል ምክር ይጨምራሉ። ይህ ልጁ ራሱ ሊያደርገው የሚገባውን ሥራ መንጠቅ ነው። አሜሪካዊው ሞሪስ ሴንዳክ እ.ኤ.አ. በ1963 ባሳተመው ዝነኛ የሥዕል መጽሐፍ፣ በእናቱ የተቆጣ ልጅ በሐሳቡ ወደ አውሬዎች አገር ሄዶ፣ ነግሦባቸው፣ ሲናፍቅ ወደ ቤቱ ሲመለስ ራቱ ይጠብቀዋል፤ በመጽሐፉ ውስጥ ስለ ቁጣ የተጻፈ ምክር ግን የለም።

ጥናቶች የሚሉት

የትኛው ተረት በእውነት ጠባይ ይለውጣል የሚለው ጥያቄ በቅርብ ዓመታት ተፈትኗል። በካናዳ የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ካንግ ሊና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተሙት ጥናት፣ ከ3 እስከ 7 ዓመት ለሆናቸው 268 ልጆች ልዩ ልዩ ታሪኮችን አንብበውላቸው፣ ከዚያ እውነት ይናገሩ እንደሆነ ፈተኗቸው። ውሸታሙ እረኛና አፍንጫው የሚረዝመው ፒኖኪዮ፣ ማለትም ቅጣት ያለባቸው ታሪኮች፣ ልጆቹን ይበልጥ እውነተኛ አላደረጓቸውም፤ ለውጥ ያመጣው እውነት ተናግሮ የተመሰገነው ልጅ ታሪክ ነበር፤ የዚያው ታሪክ መጨረሻ ወደ ቅጣት ሲለወጥም ውጤቱ ጠፋ። በዚያው ከተማ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2017 ይፋ የሆነ ሌላ ጥናት ደግሞ፣ ከ4 እስከ 6 ዓመት የሆናቸው ልጆች ስለ ማካፈል የሚናገረውን ታሪክ በሰው ገጸ ባሕርይ ሲሰሙ ይበልጥ እንዳካፈሉ፣ በእንስሳ ሲሰሙ ግን ይህ ለውጥ እንዳልታየ አሳይቷል።

እነዚህ ጥናቶች የተደረጉት ጅብና ጦጣን በመጽሐፍ ብቻ በሚያውቁ የከተማ ልጆች ላይ በመሆኑ በቀጥታ ወደ ጣና ዳርቻ አይገለበጡም፤ ሁለት ማስጠንቀቂያዎች ግን ይሰጣሉ። አንደኛው፣ ብዙዎቹ አገራዊ ተረቶች በአጥፊው ቅጣት ስለሚያበቁ፣ ለልጅ በሚመረጡበት ጊዜ በጎ የሠራው ምን እንዳገኘ የሚያሳዩትን ማስቀደም ይገባል። ሁለተኛው፣ ከእንስሳው ወደ ልጁ የሚያሻግር ድልድይ ያስፈልጋል፤ ይህ ድልድይም አንባቢው እያቆመ «አንተ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር?» ብሎ የሚጠይቀው ጥያቄ ነው። አሜሪካዊው ግሮቨር ዋይትኸርስትና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. ከ1988 ጀምሮ ባጠኑት የንባብ ስልት፣ ዐዋቂው እየጠየቀ ልጁ ተራኪ የሚሆንበት ንባብ የልጆችን ቋንቋ እንደሚያዳብር ተረጋግጧል፤ እንቆቅልሽ እየጠየቁና እየመለሱ ላደጉ ቤተሰቦች ስልቱ እንግዳ አይሆንም።

ከዚህ ጋር የተረት ቅርሱን በጅምላ ማወደስ አይገባም። አካል ጉዳተኛን፣ እጀ ጠቢብን፣ ሴትንና ድኻን መሳለቂያ ያደረጉ ተረቶች አሉ፤ እነዚህ እንዳሉ ለልጅ ቢነገሩ ራስን መቀበልን የሚያፈርሱ ናቸው። ተረትን ለጥናት መሰብሰብና ለልጅ ማቅረብ የተለያዩ ሥራዎች በመሆናቸው፣ ለመጀመሪያው ሁሉንም መመዝገብ፣ ለሁለተኛው ግን መምረጥና እንደገና መጻፍ ግድ ይሆናል።

ዛሬ የሚያስፈልገው

ይህ ሥራ ለነገ የሚባል አይደለም። በአማራ ክልል በመጀመሪያ የሰሜኑ ጦርነት፣ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህም የቀጠለው ግጭት ትምህርት ቤቶችን ዘግቷል፣ ቤተሰቦችን አፈናቅሏል፣ ልጆችን ከዕድሜያቸው በላይ ከሆነ ፍርሃትና ሐዘን ጋር አፋጥጧል። ተረት የሕክምናን ቦታ ሊተካ አይችልም፤ በጽኑ የተጎዳ ልጅ የባለሙያ ርዳታ ያስፈልገዋል። ነገር ግን ትምህርት ቤቱ በተዘጋበት፣ ባለሙያም በሌለበት ቤት አንድ ዐዋቂና አንድ ተረት ሊገኙ ይችላሉ፤ በየምሽቱ በተመሳሳይ ቃል የሚከፈትና የሚዘጋ ሰዓትም ሥርዐቱ ለተናጋበት ልጅ ራሱ መረጋጊያ ነው።

ለዚህ የሚሆን ሀብት በባሕር ዳር አለ። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የፎክሎር ማለትም የሕዝብ ዕውቀትና ሥነ ቃል ትምህርት በድኅረ ምረቃ ደረጃ ይሰጣል፤ ተማሪዎችም ተረትና ሥነ ቃል ሰብስበው የመመረቂያ ጽሑፍ ያዘጋጃሉ። ጽሑፎቹ የተዘጋጁት ለመርማሪ ምሁር በመሆኑ ልጅ አያነብባቸውም፤ ስለዚህ የፎክሎር ተመራማሪው፣ ሠዓሊው፣ የአንደኛ ደረጃ መምህሩና የሥነ ልቦና ባለሙያው በአንድ ላይ ተቀምጠው ከእነዚያ ጽሑፎች ውስጥ ለልጅ የሚበጁትን ሊመርጡ፣ ምክሩን ከመጨረሻው ገጽ አውጥተው በቦታው ጥያቄ ሊያኖሩ፣ የታንኳ ሠሪውን ልጅ በባለታሪክነት ሊያስገቡ ይገባል። መጽሐፉ እስኪታተም ድረስ ግን የወላጆች ድርሻ የሚጠብቀው ፈቃድም በጀትም የለም፤ ዛሬ ማታ ስልኩን አስቀምጦ «ተረት ተረት» ማለትና መልሱን ከልጆቹ አፍ መጠበቅ ይበቃል።